ጭስ የገባበት ዝባድ

ውሃው ጭኔ ድረስ ነው። ላዛር ከፊቴ፣ በአንድ እጁ ምርኩዙን፣ በሌላው የማባበያ ሽታ የተሞላውን ቀንድ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ወንዙን ሽቅብ ይገፋዋል። እኔ ሁለቱን የብረት ወጥመዶች ከነሰንሰለታቸው አዝያለሁ። ዳር ዳሩን ደረቅ መሬት ነበረ፤ እግዜር ለእግር የፈጠረው። ግን የምናድነው ቢቨር፣ በጸጉሩ የሚፈለገው የውሃ አውሬ፣ የሰው ኮቴ የረገጠው ዳርቻ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ቢቨር አዳኝ ማለት ዕድሜውን ሙሉ በበረዶ ውሃ ሲንቦጫረቅ ኖሮ መጨረሻ ላይ ጉልበቱን የሚያጣ ሰው ነው። የኔም ባል ላዛር ያጣው እንደዚሁ ነው።

«አንተ ሽማግሌ፣ ቀስ በል» አልኩት።

«ቀስ ማለቴ እኮ ነው ይሄ» አለኝ።

ከዚያ በላይ ቀስ ካለ መቆሙ ነበር፤ መቆም ደግሞ አንችልም። የዚያን ዕለት ጧት ሙሴ ጋሪዮ ሁላችንንም ሰብስቦ ቁርጡን ነግሮን ነበር። ሙሴ ማለት በፈረንሳይኛ ጌታው ማለት ነው፤ ሙሴ ጋሪዮ የጉዟችን አለቃ ነው፤ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ያደርጋል። ባርኔጣው ከቢቨር ጸጉር የተሠራ ነው። እኛ የገፈፍነው ቆዳ ባሕር ተሻግሮ፣ ተደብድቦ ባርኔጣ ሆኖ፣ ተመልሶ አለቃ ሆነብን ማለት ነው።

«ከነገ ወዲያ ፀሐይ ስትወጣ ተራራውን እንሻገራለን» አለ። «ባሩዱ አልቋል። ከፈረሶቹም ገሚሱን በልተናቸዋል። የቀሩት ፈረሶች ቢቨር ለሚይዝ ሰው ናቸው፤ ከእንግዲህ የምንበላው እሱን ነውና። ባዶ እጁን የመጣ በእግሩ ይከተል።»

እሱ ሲናገር ማንንም አላየም። ሰፈሩ ሁሉ ግን ላዛርን አየ።

ላዛር በዚያ ጉልበቱ በረዶ የተኛበትን ማለፊያ በእግሩ አይወጣውም። ለሱ «ይከተል» ማለት «ይቅር» ማለት ነው። የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ እናውቃለን። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ እንዲህ «ይከተል» ተብሎ ቀርቶ ነበር፤ በበጋ ስንመለስ ያገኘነው ድስቱን ብቻ ነው። ድስቱን እኔ ወሰድኩት። እስካሁን እየሠራሁበት ነው።

እኛ ነጻ ሰዎች እንባላለን። ሁለቱ የጸጉር ኩባንያዎች ሲዋጉ ኖረው ታርቀው አንድ ከሆኑ ወዲህ፣ ሥራ ያጣ ቅጥረኛ ሁሉ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደዚህ ተራራ ገባና ነጻ ሰው ተባለ። ነጻ ማለት ማንም የማያበላው ማለት ነው።

ላዛር የኢሮኳ ነገድ ነው፤ ከምሥራቅ በኩል፣ በጣም ሩቅ ካለው ትልቅ ወንዝ ዳር በታንኳ ቀዛፊነት የመጣ፣ አንገቱ ላይ መቁጠሪያ የማይጠፋ ሰው። እኔ አንጀሊክ የዚሁ አገር የክሪ ነገድ ልጅ ነኝ። ሲያገባኝ የነበረው ሀብት አፍንጫው ነበር። በአታባስካ ወንዝ ዳርና ዳር እንደሱ ማባበያ የሚሠራ አልነበረም። ማባበያው የሚሠራበት የቢቨር ዝባድ ከጅራቱ ሥር፣ በሁለት የተጨማደዱ ከረጢቶች ውስጥ ነው የሚገኘው። «የአሮጊት ጡት ይመስላሉ» ይላል ላዛር ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ። ከረጢቶቹን ያደርቃል፣ ይወቅጣል፣ ፖፕላር ከሚባለው ዛፍ እምቡጥ ጋር ያሻል፣ ከቢቨሩ ከራሱ ስብ ጠብ ያደርግበታል፣ አረቄ ካለ በአረቄ ከሌለም በምራቁ ያረጥበዋል። ሌሎቹ አዳኞች ከመጋዘን ቅርንፉድና ቀረፋ ለምነው ይጨምሩበታል። እሱ ይስቅባቸዋል። «ሊይዙት ነው ወይስ ወጥ ሊሠሩበት?» ይላል። መስፈሪያ የለውም። ያሸትና ይጨምራል፣ ያሸትና ይተዋል፣ በቃ።

ከገና በኋላ ትኩሳት ያዘውና አፍንጫው ሞተ። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ አንድ ቀን የቆዳ ጫማው እሳት ዳር ሆኖ እየተቃጠለ፣ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ብሎ ፒፓውን ያጨስ ነበር። ጫማውን ጎትቼ አወጣሁት። እኔም ምንም አላልኩ፣ እሱም ምንም አላለ። ከዚያ ወዲህ ግን ማባበያ በሠራ ቁጥር ቀንዱን ወደኔ ያስጠጋና «እስቲ ሽተቺው፤ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አለ?» ይለኛል። ዓይኑ ፊቴ ላይ ነው። አሸተዋለሁ። ደህና ይሸተኛል። ደህና ነው እለዋለሁ። ቢቨር ግን ከወጥመዳችን ራቀ።

ሰፈሩ ደግሞ በኔ ማመካኘት ጀመረ። በኛ ዘንድ የቢቨር አጥንት ወደ ውሃው ይመለሳል እንጂ ለውሻ አይሰጥም፤ ውሻ ከጋጠው ዘመዶቹ ይቀየማሉ፣ አይያዙም። «አንጀሊክ ውሻ አስበልታ ነው» አሉ። እኔ እያንዳንዷን አጥንት ለቅሜ፣ በዚያ ብርድ ወንዝ ድረስ ወርጄ በእጄ የመለስኩ ሴት ነኝ። ድካሙ ሳያንስ ሐሜቱ።

ግድቡ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ቢቨሮቹ ዛፍ ቆርጠው፣ በጭቃ መርገው ወንዙን ኩሬ አድርገውታል፤ መሐሉ ላይ የጭራሮ ክምር የመሰለው ቤታቸው ይታያል። ላዛር ወጥመዶቹን ዳርቻው ሥር፣ ውሃ ውስጥ አጠመደ። የተያዘው ቢቨር እንዲሰምጥ ሰንሰለታቸውን ወደ ጥልቁ ስቦ ቸከለ። ቀጭን የአኻያ በትር በየወጥመዱ በላይ ተክሎ ጫፉን ከቀንዱ አጠቀሰ። ከዚያ ሽታችን እንዲጠፋ የነካነውን ሁሉ ውሃ እየረጨን ወጣን። እሳት ማንደድ አይቻልም፣ ፒፓም አይነካም። እርጥብ ልብሳችንን እንደለበስን ባለ መስመሩን ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበን አደርን። እንቅልፍ አልለውም።

ሲነጋ ሁለቱም ወጥመዶች ባዶ ነበሩ።

ባዶ መሆናቸው አይደለም ያናደደኝ። ጭቃው ላይ የቢቨሩ ኮቴ ነበረ። ከውሃው ወጥቶ፣ ወደ በትሩ ክንድ እስኪቀረው ተጠግቶ፣ ዞሮ ተመልሷል። አንድ ብቻ አይደለም፤ ሌላኛውም እንዲሁ። ቤት ጠርተህ በር ላይ የምትሰድበው እንግዳ እንደዚያ ነው የሚመለሰው። በትሩን ነቅዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

ጭስ ሸተተኝ።

ዝባዱ አለ፣ እምቡጡም አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን ጭስ፣ የጥድ ጭስ። ላዛር ደህና በነበረ ጊዜ ከረጢቶቹን የሚያደርቀው ከሰፈር ርቆ፣ ዛፍ ላይ፣ ለነፋስ ሰቅሎ ነበር። ዘንድሮ ግን ታሞ፣ ጉልበቱም እምቢ ብሎት፣ ድንኳን ውስጥ ከእሳቱ በላይ ሰቀላቸው። እኔ እንዴት አልሸተተኝም? ጭስ ውስጥ ተወልጄ ጭስ ውስጥ ያረጀሁ ነኛ። ጸጉራችን ጭስ፣ ብርድ ልብሳችን ጭስ፣ ሥጋችን ጭስ። ለኛ ጭስ ሽታ አይደለም፣ አየር ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ተነክሬ ሌሊቱን ያለ እሳት ባድር አፍንጫዬ ታጠበልኝ። ለቢቨር ግን ጭስ ማለት ደን ሲቃጠል ማለት ነው። የሚሸሽበትን ሽታ ነበር ደጁ ላይ የተከልንለት።

«ላዛር፣ ማባበያህ ጭስ ገብቶበታል» አልኩት።

«የለም። አሽትቼዋለሁ እኮ።»

«አሽትተኸዋል?»

«እንዴታ። ምን ሆነሻል አንቺ?»

ምን ላድርግ? ጎንበስ ብዬ አንድ ነገር ጨበጥኩና እጄን አፍንጫው ሥር አደረግኩ። «ዓይንህን ጨፍን። ይሄን ሽተተው።»

ጨፈነ። ደረቱ እስኪነፋ ሳበው። «ዝባድ ነው» አለ። «ትንሽ እምቡጥ በዝቶበታል።»

እጄን ዘረጋሁለት። የወንዝ ጠጠር ነበር።

ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ የሰው ፊት አሳዝኖኝ አያውቅም። ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። መቁጠሪያውን ያዘና ሳይቆጥረው ተወው።

«ከገና ወዲህ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

ወንዙን አየ። «ፈራሁ» አለ። «አፍንጫ የሌለው አዳኝ ምን ይባላል?»

«ረሃብተኛ ይባላል። ተነስ።»

መነሳቱን ይነሳ፤ ተነስቶስ ምን ይሠራል? ያለን ዝባድ ሁሉ ጭስ የጠጣ ነው። ቀንዱን ወንዙ ውስጥ ደፋሁት፣ በአሸዋ አሸሁት፣ ደጋግሜ አለቀለቅኩት። ይህን ሳደርግ ነው ጋስፓር ከገደሉ ላይ እየተንሸራተተ የወረደው። ጋስፓር የሰፈራችን ሰው፣ ሚስት የሌለው ጎልማሳ ነው፤ አባቱ ፈረንሳዊ፣ እናቱ የኛው ወገን፣ ምላሱ ግን የማንም ያልሆነ። ከገደሉ ማዶ ካለው ሸለቆ ማልዶ የያዘውን ቢቨር በጀርባው አዝሏል።

«አክስቴ፣ ምነው? ውሃ የበላው ድመት መስላችኋል» አለ።

«የቢቨርህን ዝባድ ስጠኝ» አልኩት።

«ደህና አደርክ ወይ አይባልም? ኩላሊቴንስ አትፈልጊም?»

«ቆዳውን እፍቅልሃለሁ፣ እወጥርልሃለሁ።»

ጋስፓር ቢቨሩን አወረደና አሰበ። መፋቅ ይጠላል። ስቡን ከቆዳው ላይ አንድ በአንድ መገዝገዝ ወገብ ይቆርጣል፤ እሱ ሲፍቅ ደግሞ ቆዳውን ይበሳዋል። «የሚቀጥለውንም?»

«የሚቀጥለውንም።»

«የተቀደደ ሱሪም አለኝ።»

«እሱን ለሚስትህ አስቀምጥ።»

«ሚስት የለኝም።»

«ሱሪህን አይታ ነው የቀረችው።»

ሳቀና ቢላዋውን አውጥቶ ቢቨሩን ገፈፈ። ከረጢቶቹን ቆርጦ እጄ ላይ ሊያኖራቸው ሲል ቆም አለ፤ ጀርባውን ሰጥቶን የተቀመጠውን ላዛርን አየ። ዝቅ ባለ ድምፅ «አጎቴ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ደክሞታል።»

«ሁላችንም ደክሞናል» አለና ከረጢቶቹን ሰጠኝ። ሥጋውን ብቻ ይዞ ሄደ፤ ቆዳው ከኔ ጋ ቀረ። በዚያ ድካም ላይ ተንበርክኬ ስብ መፋቅ ጀመርኩ። ቃል ቃል ነው።

ፍቄ ስጨርስ ላዛርን ጠራሁት። የሴት እጅ ማባበያ አይነካም ይላሉ ወንዶቹ፤ ሽታው ይበላሻል። ቆዳውን ስንፍቅ፣ ሥጋውን ስንሸከም፣ አጥንቱን ስንመልስ ግን እጃችን አይሸትም። ያም ሆነ ይህ የባሌን ልማድ ማፍረስ አልፈለግሁም፤ የፈረሰበት ይበቃዋል። እጁ ያንተ፣ አፍንጫው የኔ ይሁን አልኩት።

መጀመሪያ አኮረፈ። ቆይቶ ከረጢቱን ሰነጠቀና በውስጡ ያለውን ቢጫ ዝባድ በድንጋይ ላይ ጨመቀው። ሽታው እንደ አሮጌ ቆዳና እንደ ጣፋጭ ቅርፊት ሆኖ ወጣ። እምቡጡን አኝኮ ጨመረ።

«አሁንስ?» አለኝ።

«ስቡ ያንሳል።»

ጠብ አደረገ። «አሁን?»

«ትንሽ። ትንሽ። በቃ፣ ተወው።»

«በደንብ ሽተቺ። ጉሮሮሽ ጫፍ ላይ ምሬት አለ?»

«አለ።»

«ከምሬቱ ኋላ የሚመጣ ነገርስ?»

ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግኩት። «አለ። እርጥብ እንጨት።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንዲህ ሲጠይቀኝ በትዳራችን ይህ የመጀመሪያው ነው። ምን እንደሚሸተው ነግሮኝ አያውቅም ነበር፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

«ግን ትኩስ ነው፣ አልደረቀም» አልኩት። «ይሠራል?»

«ከደረቀው ይሻላል። ከገደሉ ማዶ የመጣ ባዳ ነው፤ እነዚህኞቹ አያውቁትም። ቢቨር በፍቅር የሚመጣ መሰለሽ? ደጁ ላይ የባዳ ሽታ ሲያገኝ፣ ድንበሬን ማን ገፋው ብሎ ነው የሚመጣው። የሚገድለው ቁጣው ነው።»

አፍንጫው ሞቷል እንጂ ጭንቅላቱ አልሞተም። ይህን ሳስብ ትንሽ ተስፋ መጣልኝ።

ዳግመኛ ውሃ ገባን። ዳግመኛ አጠመድን፣ ዳግመኛ ረጨን፣ ተመልሰን ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥን። ካለፈው ቀን ጀምሮ የበላነው ነገር የለም። ላዛር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል፤ እኔ እሱን አያለሁ። ባይያዝስ እያልኩ አሰብኩ። እሱ ከቀረ እኔም እቀራለሁ፤ ይህን ለራሴ የነገርኩት ያኔ ነው። ጀግንነት አይምሰላችሁ። ሌላ የማውቀው ኑሮ የለኝም።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ውሃው ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ጭንቅላት፣ ቀጥሎ የሰባ ጀርባ ታየ። እየተንጎማለለ፣ ቤቱ ሌባ የገባበት አባወራ መስሎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ በትሩ መጣ። አልዞረም። ወጥመዱ ሲዘጋ ድምፁን አልሰማንም፤ ሰንሰለቱ ብቻ ተወጠረ፣ ጅራቱ ውሃውን መታ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ላዛር ምርኩዙን ጥሎ ገባ። እየወደቀ እየተነሳ ደረሰና ቢቨሩን ከሥር አወጣው፤ ትልቅ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ደረቱ ላይ አቅፎት ቆመ። በኛ ቋንቋ ቢቨሩን አመሰገነው፣ በሱ ቋንቋ ጸልዮ አማተበ። ሲያለቅስ አየሁትና ፊቴን አዞርኩለት።

ሰፈር የደረስነው ሲነጋ፣ ድንኳኖቹ ፈርሰው ፈረሶቹ ሲጫኑ ነው። ሰው ሁሉ ዞር አለ። ቢቨሩን ከሙሴ ጋሪዮ እግር ሥር አወረድነው። የልፋታችን ፍሬ ይታየኝ ነበር፤ ፈረሱ የላዛር ነው፣ አለቀ።

«ላዛር አልሞተም ማለት ነዋ» አለ ሙሴ ጋሪዮ። ከልቡ ደስ አለው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ እሱም እንደኛው ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ነበር። ከወገቡ የራሱን የማባበያ ቀንድ ፈታና ውታፉን ነቅሎ ዘረጋለት። «የኔስ ምን ጎድሎት ነው? ሽተትልኝና ንገረኝ፤ ተራራው ላይ የምንበላው በዚህ ነው።»

ሰዉ ከበበ። ላዛር ቀንዱን ተቀበለ። «ጨው አነሰው»ም ቢል ማን ያውቃል? እኔ ከኋላው ሆኜ፣ የሆነ ነገር ብሎ እንዲያልፍ ልብሱን ጎተትኩት። ጋስፓርም ነገሩ ገብቶት ጉሮሮውን ጠረገ። ላዛር ቀንዱን ወደ አፍንጫው ወሰደ፣ አቆየው፣ መልሶ ለሙሴው ሰጠው።

«አላውቅም፣ ሙሴ» አለ። «አፍንጫዬ ከገና ጀምሮ ሞቷል። ይሄን የያዘችው አንጀሊክ ናት። ማባበያ ከፈለግህ እሷን ጠይቅ።»

እንደዚያ ዕለት ሰው መምታት አምሮኝ አያውቅም።

ሙሴ ጋሪዮ ቀንዱን ወደኔ አዞረ። አሸተትኩት። «ቅርንፉዱን አውጣ፤ ከሥሩ ያለው ዝባድ ደህና ነው» አልኩት፤ እውነት ስለነበረ አመለጠኝ። እኔን አየ፣ ጉልበቱ ያበጠውን ባሌን አየ፣ ፈረሶቹን አየ። ምን እያሰበ እንደሆነ ለማወቅ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

«እንግዲያው ፈረሱ የአንጀሊክ ነው» አለ። «ላዛር፣ ይቅር በለኝ። የቀሩት ፈረሶች ከስተዋል፤ ሁለት ሰው የሚችል የለም።»

«ልክ ነህ፣ ሙሴ» አለ ላዛር። ቀበቶውን ፈትቶ ቢላዋውን ሰጠኝ። «ሂጂ፣ አንቺ ሴትዮ። ፀሐይ ሳትከር ሂጂ።»

ቢላዋውን ተቀበልኩት። ያዘልኩትን አወረድኩ። ድስቴን አወጣሁ፣ ውሃ ሞላሁ፣ ሊጠፋ የደረሰውን እሳት ቆሰቆስኩ። ቢቨሩን ጎትቼ መግፈፍ ጀመርኩ። የሰባውን እየቆረጥኩ ወደ ድስቱ ጨመርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ሙሴ ጋሪዮ።

«ቁርስ።»

«ሰው ሁሉ ጭኖ አንቺን እየጠበቀ ነው።»

«ይሂድ።»

«አንጀሊክ፣ ተነሽ። ከተራራው ማዶ ማባበያ ማን ይሠራልናል?»

«ባሌ የት እንዳለ እኔም እዚያው ነኝ፣ ሙሴ። ይሄን ቢቨር የያዝኩት ለሱ ብዬ ነው። ለናንተ አልነበረም።»

ድስቱ ፈላ። ስቡ መሽተት ጀመረ። ነፋሱ ወደ ሰዎቹ ነበር። መጀመሪያ ልጆቹ ከጭነቱ ላይ ወረዱ፣ ቀጥሎ እናቶቻቸው፣ ቀጥሎ ወንዶቹ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ። ማንንም አልጠራሁም። መጥተው በእሳቱ ዙሪያ ቆሙ፤ ከዚያ ሙሴ ጋሪዮን ማየት ጀመሩ። እኔ ማንንም አላየሁም፤ እጄ ሥራ ላይ ነበር።

ሙሴ ጋሪዮ የከበቡትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ። በመጨረሻ ጋስፓርን ጠራውና «ቆዳ ከተጫነው ፈረስ ላይ እስሮቹን አውርዱ» አለው። «ሁሉንም። ዛፍ ላይ ስቀሉት።»

«የክረምቱን ቆዳ በሙሉ፣ ሙሴ?»

«ሰምተኸኛል።»

እስሮቹን አውርደው በጠፍር ሰቀሏቸው። ሥጋው ሲበስል ለሁሉም ደረሰ፤ ጥቂት ጥቂት። አጥንቱን ሰብስቤ ወደ ወንዙ መለስኩና መጣሁ። ከዚያ ላዛርን ወንዶቹ ደግፈው፣ የቆዳው እስር በነበረበት ኮርቻ ላይ አወጡት፤ እኔ የተሰጠኝን ፈረስ ትቼ፣ በእግሬ እየሄድኩ የሱን ልጓም ያዝኩ።

ሽቅቡን ስንጀምር ላዛር ፊቱን ከኔ አዙሮ ነበር። ተቆጥቷል። በረዶው ዳር ስንደርስ ጎንበስ አለና «ለምን አልሄድሽም?» አለኝ።

ብዙ የሚባል ነገር ነበር። ግን አቀበቱ ከፊቴ ነው፣ ጫማዬ ርሷል፣ እንቅልፍ ካየሁም ቆይቻለሁ።

«ደክሞኝ ነበር» አልኩት።